ሳሎኑ ሲበርድ መኝታ ቤቱ የሚግልበት ምክንያት፦ በድሬዳዋ ቤቶች ስለ ቴርሞስታት አቀማመጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በግንቦትና በሰኔ፣ የድሬዳዋ ሙቀት በሚበረታበት ወቅት፣ ኤሲ ካላቸው ቤቶች የሚሰማው ቅሬታ ተመሳሳይ ነው። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ የመብራት ሒሳቡም ይጨምራል፤ ሆኖም ሳሎን የተቀመጡት አዛውንት ነጠላቸውን ሲከናነቡ፣ መኝታ ቤት የተኛችው አራስ ከነሕፃኗ በላብ ትጠመቃለች። ብዙ ሰው ወዲያው «ማሽኑ አነሰ» ወይም «ጋዙ አለቀ» ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳል። ይህ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን አዲስ ማሽን ለመግዛት ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ኤሲው የቤቱን ሙቀት የሚለካው ከየት ቦታ ነው? ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የተዘጋጁ ናቸው።

የቴርሞስታት ቦታ የቤቱን ቅዝቃዜ እንዴት ሊያዛባ ይችላል?

ቴርሞስታት (ሙቀትን ለክቶ ኤሲውን የሚያስነሣውና የሚያጠፋው መሣሪያ) የሚያውቀው የቤቱን ሙቀት ሳይሆን እርሱ ራሱ ያለበትን ትንሽ ቦታ ሙቀት ብቻ ነው። 25 ዲግሪ ላይ ሲያስተካክሉት «ሳሎኑን 25 አድርግ» ማለትዎ ቢሆንም፣ መሣሪያው የሚፈጽመው «በእኔ አጠገብ ያለው አየር 25 እስኪሆን አቀዝቅዝ» የሚለውን ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ቴርሞስታቱ ከሰዎቹ መቀመጫ በ3 ዲግሪ የሚበልጥ ሙቀት ባለበት ቦታ ከተሰቀለ፣ ማሽኑ ሰዎቹ 22 ዲግሪ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ አያቆምም። በተቃራኒው ቀዝቃዛው አየር በቀጥታ የሚነፍስበት ቦታ ላይ ከሆነ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ «ተፈጸመ» ብሎ ኮምፕሬሰሩን (ጋዙን የሚጨምቀውን ሞተር) ያጠፋል፤ የክፍሉ ሌላው ጫፍ ግን እንደጋለ ይቀራል።

ሁለቱም ጉዳት አላቸው። የመጀመሪያው ገንዘብ ያባክናል፣ ሰው ያበርዳል። ሁለተኛው ደግሞ ኮምፕሬሰሩን በየጊዜው እያስነሳ እያጠፋ ዕድሜውን ያሳጥረዋል፤ በተለይ ኢንቨርተር ያልሆነ (የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ የማይቀያይር) ማሽን ሲነሣ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ፣ ቶሎ ቶሎ መነሣትና መጥፋቱ ለኮምፕሬሰሩም ለመስመሩም አይበጅም።

እኛ ቤት ያለው ስፕሊት ነው፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴርሞስታት የለውም። ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል?

ይመለከታችኋል፤ እንዲያውም በከተማው ያሉት አብዛኞቹ የመኖሪያ ቤት ኤሲዎች የዚህ ዓይነት ስለሆኑ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ስፕሊት ኤሲ ሁለት አካል አለው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የውስጠኛ ክፍልና ከቤት ውጭ የሚቀመጥ የውጭ ክፍል። የቴርሞስታቱን ሥራ የሚሠራው በማሽኑ የውስጠኛ ክፍል ፊት ለፊት፣ ከፊልተሩ ኋላ፣ አየር በሚገባበት በኩል የተሰካ ትንሽ ሴንሰር (ሙቀት መለኪያ) ነው። ሪሞቱ ላይ የሚታየው ቁጥር እርስዎ ያዘዙት ሙቀት እንጂ ክፍሉ ውስጥ የተለካው ሙቀት አይደለም፤ ይህን ልዩነት ማወቅ ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል።

የውስጠኛው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ ከ2 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ በተለይም ኮርኒሱ ስስ በሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ቤት፣ ሴንሰሩ የሚያነበው ከጣሪያው ሥር የታመቀውን ሙቀት ነው። አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ብዙዎቹ በማሽኑ ሥርዓት ውስጥ ማካካሻ ያስገባሉ። ሆኖም ማካካሻው የተሰላው ለተለመደ ክፍል እንጂ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በእጅ ለማይነካ ቆርቆሮ አይደለም።

በአንዳንድ ትልልቅ ቪላዎች፣ በሆቴሎችና በቢሮዎች የሚገኘው ማዕከላዊ ኤሲ ግን በግድግዳ ላይ የተሰቀለ የራሱ ቴርሞስታት አለው። የሚቀጥሉት መልሶች ለሁለቱም ይሠራሉ፤ የሚለያዩበት ቦታ ሲያጋጥም ይገለጻል።

ችግሩ የቦታ መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ?

ከሁሉ በፊት መለካት ያስፈልጋል፤ ሳይለኩ መንቀል ግን ለተጨማሪ ወጪ ይዳርጋል። ሦስት ተመሳሳይ የክፍል ቴርሞሜትሮች ያዘጋጁ፤ ውድ መሆን አያስፈልጋቸውም። በቅድሚያ ሦስቱንም ጎን ለጎን ለአንድ ሰዓት አስቀምጠው የሚያሳዩትን ያነጻጽሩ፤ በመካከላቸው የግማሽ ወይም የአንድ ዲግሪ ልዩነት ቢኖር ልዩነቱን ይጻፉትና በኋላ ያስቡት። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች የቴርሞሜትሩን ስሕተት የቤቱ ችግር አድርገው ይወስዱታል።

ከዚያ አንዱን ከቴርሞስታቱ ወይም ከኤሲው አየር መግቢያ አጠገብ፣ ሁለተኛውን ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ከወለሉ 1 ሜትር ያህል ከፍ አድርገው፣ ሦስተኛውን ደግሞ ቅሬታ በሚበዛበት ክፍል ያስቀምጡ። ጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ ወደ 9 ሰዓት ግድም፣ እንዲሁም ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ያንብቡ። አንድ ቀን ብቻ አይበቃም፤ ጥቂት ቀናት ይመዝግቡ፤ ምግብ የተበሰለበትን፣ እንግዳ የነበረበትንና መብራት የጠፋበትን ሰዓትም ከጎኑ ይጻፉ።

የሚገኘው ውጤት ከሦስት አንዱን ያመለክታል። በቴርሞስታቱና በመቀመጫው መካከል ያለው ልዩነት በማንኛውም ሰዓት እኩል ከሆነ፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ 2 ዲግሪ ከሆነ፣ መሣሪያው የማስተካከያ ስሕተት አለበት ወይም ከፍታው ያመጣው ቋሚ ልዩነት ነው፤ ይህን 2 ዲግሪ አስበው በማዘዝ ብቻ መፍታት ይቻላል። ልዩነቱ በፀሐይ፣ በምግብ ማብሰያ ሰዓት ወይም በር ሲከፈት የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነ ግን ችግሩ የቦታ ነው፤ የትኛውም ቁጥር ማስተካከል አይፈታውም። ሦስተኛው ሁኔታ ቴርሞስታቱና መቀመጫው ተስማምተው ሌላው ክፍል ብቻ ሲግል ነው። ያን ጊዜ ቴርሞስታቱ ነጻ ነው፤ መፈለግ ያለበት ቀዝቃዛው አየር ወደዚያ ክፍል ለምን እንደማይደርስ ነው።

በግድግዳ ቴርሞስታት ላይ አንድ ተጨማሪ ፍተሻ አለ። ክዳኑን በጥንቃቄ ነቅለው ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳ ይመልከቱ። በብሎኬት ግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ከኮርኒስ በላይ ያለው የጋለ አየር ወርዶ በቀጥታ ከቴርሞስታቱ ኋላ ሊወጣ ይችላል። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ፣ በጥቂት ሲልከን የሚዘጋ፣ ከሁሉም የረከሰ ጥገና ነው። ክዳኑን ከመንካት በፊት ግን ብሬከሩን ማውረድ ግዴታ ነው፤ ምክንያቱ ከታች ይገለጻል።

በድሬዳዋ ቤቶች በብዛት የሚታዩት መጥፎ ቦታዎች የትኞቹ ናቸው?

ቀዳሚው የምዕራብ ግድግዳ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ እስክትጠልቅ ድረስ ፀሐይ የምታርፍበት የብሎኬት ግድግዳ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ስለዚህ በውስጠኛው ገጽ ላይ የተሰቀለ ቴርሞስታት ከፀሐይ መጥለቅ በኋላም ለሰዓታት ግድግዳውን እንጂ አየሩን አያነብም። «ማታ ውጭ ነፋስ ገብቶ እንኳ ኤሲው አያቆምም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ መጀመሪያ መመልከት ያለባቸው ይህን ነው።

ስለ ሰሜን ግድግዳ ደግሞ ልዩ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የሚመጡ የመመሪያ ወረቀቶች ፀሐይ ከደቡብ እንደምትመጣ አድርገው ስለሚጽፉ ሰሜን ሁልጊዜ ጥላ እንደሆነ ያስመስላሉ። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ9 ዲግሪ ተኩል በጥቂት ብቻ የምትርቅ በመሆኗ፣ ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት ገደማ እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንታት ድረስ የቀትር ፀሐይ የምትቆመው በሰሜን በኩል ነው። ይህ ማለት ሙቀቱ በሚጠነክርባቸው በግንቦትና በሰኔ ብርሃን የሚገባው በሰሜኑ መስኮት ነው ማለት ነው። በታኅሣሥ ቤቱን አይቶ «እዚህ ግድግዳ ላይ ፀሐይ አያርፍም» ብሎ ቴርሞስታት የሰቀለ ባለሙያ በሰኔ ሊሳሳት ይችላል። ቦታ ሲመረጥ የዓመቱን ሁለት ግማሾች ማሰብ የሚገባው ስለዚህ ነው።

ወጥ ቤት የሚያዋስነው ግድግዳም አይመከርም። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ ከቤት ዕቃዎች ሁሉ በርካታ ኤሌክትሪክ የሚስብ፣ ያንንም ወደ ሙቀት የሚለውጥ ነው። ምጣዱ በሚሠራበት ቀን ከግድግዳው ማዶ ያለው ቴርሞስታት ሳሎኑን ያለ ምክንያት ያበርዳል። ከፍሪጅ በላይ፣ ከቴሌቪዥንና ከዲኮደር አጠገብ፣ ከመብራት አምፖል ሥር መስቀልም በአነስተኛ መጠን ይኸው ነው።

ከውጭ በር አጠገብ፣ በተለይ ሕፃናት በሚመላለሱበት በር፣ እያንዳንዱ መከፈት ማሽኑን ያስነሳል። ከመጋረጃ ኋላ ወይም ከቁም ሣጥን ጎን ደግሞ አየሩ ስለማይንቀሳቀስ መሣሪያው ለውጡን ዘግይቶ ያውቃል፤ ማሽኑ ረጅም ጊዜ ሠርቶ ረጅም ጊዜ ይቆማል፣ ቤቱም በየተራ ይበርዳል ይሞቃል። ስፕሊቱን ለማሳመር ሲባል ዙሪያውን በጂብሰም ማልበስ ወይም ጥግ ውስጥ ማስገባትም ጉዳት አለው። ማሽኑ ራሱ የተፋውን ቀዝቃዛ አየር መልሶ ይስበዋል፤ ሴንሰሩም ክፍሉ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። ለውበት ተብሎ የሚደረገው ይህ ሥራ ቤተሰቡን በየዓመቱ የሚያስከፍል በመሆኑ ቢቀር ይሻላል።

ታዲያ ትክክለኛው ቦታ የት ነው?

ለግድግዳ ቴርሞስታት፣ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ በሚያሳልፍበት ክፍል፣ ሁለት ክፍሎችን በሚለይ ውስጣዊ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ 1.5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ አየር በነጻነት በሚንቀሳቀስበት ቦታ ነው። ከኤሲው አየር መውጫ ፊት ለፊት መሆን የለበትም። ኮሪደር በብዙ ቤቶች የተለመደ ምርጫ ነው፤ የኮሪደሩ በሮች ተዘግተው በሚውሉበት ቤት ግን የሚለካው ማንም የማይቀመጥበትን ቦታ ስለሆነ አይመረጥም።

ስፕሊትን በተመለከተ ደግሞ የማሽኑ ቦታ ማለት የሴንሰሩ ቦታ ማለት ነው። ከኮርኒሱ አምራቹ ያዘዘውን ክፍተት መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹ ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጠይቃሉ። በጠባቡ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወደ ክፍሉ ርዝመት የሚነፍስ ማሽን፣ በረጅሙ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከፊት ለፊቱ ካለው ግድግዳ ጋር ወዲያው ከሚጋጭ ማሽን ይልቅ አየሩን በእኩልነት ያዳርሳል።

ሰው ሲሰበሰብና ቡና ሲፈላ ኤሲው የማይችለው ለምንድን ነው?

አንድ ዝም ብሎ የተቀመጠ አዋቂ ሰው ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። ከምሳ በኋላ አሥር ሰው በአንድ ክፍል ከተቀመጠ 1 ኪሎ ዋት የሚሆን ሙቀት ተጨመረ ማለት ነው፤ የ12,000 ቢቲዩ ኤሲ ሙሉ አቅም ደግሞ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ነው። ሴንሰሩ ከሰዎቹ ራቅ ብሎ ከሆነ ይህን ዘግይቶ ያያል፤ ከላያቸው ከሆነ ደግሞ ወዲያው ያያል። ስለዚህ እንግዳ ከመምጣቱ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ማስነሣት ቁጥሩን ከማውረድ ይሻላል።

የቡናው ከሰል ግን ከሙቀት በላይ የሆነ ጉዳይ አለው። ኤሲ እንዲሠራ ሲባል በርና መስኮት በተዘጋበት ክፍል ከሰል ማንደድ ለሕይወት አደገኛ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ስፕሊት ኤሲ ደግሞ የክፍሉን አየር ያዞረዋል እንጂ ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም። ምድጃው በረንዳ ላይ ተቀጣጥሎ፣ ቡናውም እዚያው ይፈላ፤ ወይም ኤሲው ጠፍቶ መስኮቶቹ ይከፈቱ። በዚህ ላይ መሃል መንገድ የለም።

ሪሞቱን 16 ላይ ባደርገው ቶሎ አይቀዘቅዝም?

ኢንቨርተር ያልሆነ ማሽን 16 ቢባል 25 ቢባል የሚያቀዘቅዝበት ፍጥነት አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሚቆምበት ጊዜ ብቻ ነው። ኢንቨርተር ማሽን በመነሻው ላይ በርትቶ ሊሠራ ቢችልም ክፍሉ ገና ሞቃት እስከሆነ ድረስ በ24ም ቢሆን በሙሉ ኃይሉ ይሠራል። ቦታው የተበላሸ ሴንሰርን ቁጥር በማውረድ ማሸነፍ አይቻልም፤ የሚገኘው የበለጠ የበረደ ሳሎንና ያው የጋለ መኝታ ቤት ነው። ለአብዛኛው ሰው ከ24 እስከ 26 ዲግሪ በቂ ነው፤ ውጭው 35 ሲሆን ደግሞ በ18 ዲግሪና በውጭው መካከል መመላለስ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ሰውነት ይከብዳል።

ተከራይ ነኝ፤ ማዛወር አልችልም። ምን ላድርግ?

ብዙ ማድረግ ይቻላል፤ አንዳንዱም ምንም አያስወጣም። በመጀመሪያ በሪሞቱ ላይ የክፍሉን ሙቀት ከሪሞቱ የሚያስለካ ቁልፍ መኖሩን ይፈትሹ። በርካታ ስፕሊቶች በሪሞቱ ውስጥ ሁለተኛ ሴንሰር አላቸው፤ ይህ ሲበራ ማሽኑ የሚታዘዘው በራሱ ላይ ላለው ሳይሆን በእጅዎ ላለው ሴንሰር ነው። ሪሞቱን ሰው በሚቀመጥበት አካባቢ፣ ማሽኑን ፊት ለፊት እያየ፣ ፀሐይና የማሽኑ ንፋስ በማያገኘው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። በትራስ ሥር ከተቀበረ ወይም መሳቢያ ውስጥ ከገባ ግንኙነቱ ይቋረጥና ማሽኑ ወደ ራሱ ሴንሰር ይመለሳል። ብዙ ቤቶች ይህ ቁልፍ እያላቸው ሳይጠቀሙበት ዓመታት ማለፋቸው ያሳዝናል።

ሁለተኛው የጣሪያ ፋን ወይም የቋሚ ፋን ነው። በዝግታ የሚዞር ፋን ከኮርኒስ ሥር የታመቀውን ሞቃት አየር ከታችኛው ጋር ስለሚያዋህድ ሴንሰሩ የሚያነበውና ሰው የሚሰማው ሙቀት ይቀራረባሉ። በተጨማሪም ንፋሱ ላቡን ስለሚያደርቅ ኤሲውን አንድ ሁለት ዲግሪ ከፍ ለማድረግ ያስችላል።

ከዚያ የሚቀሩት ጥላ ማበጀት፣ የማሽኑን አየር የሚከለክል መጋረጃ ማሳጠር፣ ከግድግዳ ቴርሞስታቱ አጠገብ ያለውን ቴሌቪዥን ማራቅና ፊልተር ማጠብ ናቸው። የድሬዳዋ አቧራ ብርቱ ስለሆነ ሙቀቱ በበረታበት ወቅት ፊልተሩን በየሁለት ሳምንቱ ማጠብ አይበዛም፤ የተደፈነ ፊልተር በሴንሰሩ ላይ የሚያልፈውን አየር ስለሚቀንስ ንባቡንም ያዛባል።

ማዛወር የግድ ከሆነ ሥራው ምን ይመስላል?

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዳንድ የግድግዳ ቴርሞስታቶች በ24 ቮልት ይሠራሉ፤ በሆቴሎችና በቢሮዎች የሚገኙት ብዙዎቹ ግን በቀጥታ 220 ቮልት የሚያልፍባቸው ናቸው። ሁለቱ በመልክ ስለሚመሳሰሉ በዓይን መለየት አይቻልም፤ ብሬከር ሳይወርድ፣ በመለኪያም ሳይረጋገጥ ክዳን አይከፈትም። አዲሱ ሽቦ በቱቦ ውስጥ እንዲያልፍ፣ ከኃይል መስመሮችም ተለይቶ እንዲሄድ፣ የድሮው ቀዳዳ በልስን እንዲደፈን፣ የአዲሱም ቀዳዳ ከኋላው በሲልከን እንዲዘጋ ይጠይቁ። ግድግዳ መቆፈር ካልተፈለገ ያለ ሽቦ የሚገናኝ ቴርሞስታት አማራጭ ነው፤ ነገር ግን ከማሽኑ ሥርዓት ጋር የሚስማማ መሆኑ ሳይታወቅ መግዛት የለበትም።

በስፕሊት ላይ ማሽኑን ነቅሎ ሌላ ግድግዳ ላይ መስቀል ከባድ ሥራ ነው፤ የመዳብ ቱቦ ይረዝማል፣ ጋዝ ይሰበሰባል፣ እንደገናም ይሞላል፣ ቱቦውም በቫኪዩም ፓምፕ መጽዳት አለበት። ከዚህ በፊት ሊሞከር የሚገባው ሴንሰሩን ብቻ ማስተካከል ነው። በውስጠኛው ክፍል ውስጥ ሁለት ሴንሰሮች አሉ፤ አንደኛው የክፍሉን አየር የሚለካ ሲሆን ሁለተኛው በቧንቧው ላይ ተጣብቆ ማሽኑ በረዶ እንዳይሠራ የሚጠብቅ ነው። ባለሙያው የሚነካው የመጀመሪያውን ብቻ መሆን አለበት፤ የቧንቧውን ሴንሰር ከቦታው ማንሣት ማሽኑን ያበላሻል። የአየሩ ሴንሰር ከማቀፊያው ወጥቶ ግድግዳውን ነክቶ ወይም ከቀዝቃዛው ቧንቧ ጋር ተደግፎ ከተገኘ፣ ወደ ቦታው መመለሱ ብቻ ችግሩን ሊፈታ ይችላል።

ሴንሰሩ ራሱ መበላሸቱ ከተጠረጠረ በኦም መለኪያ (የኤሌክትሪክ ተቃውሞን በሚለካ መሣሪያ) ይፈተሻል። ከእነዚህ ሴንሰሮች ብዙዎቹ በ25 ዲግሪ 10 ኪሎ ኦም የሚያሳዩ ናቸው፤ 5 ኪሎ ኦም የሆኑም አሉ፤ ሙቀት ሲጨምር ቁጥሩ ይቀንሳል። የተፈጨ በረዶ በውሃ ውስጥ አድርጎ ሴንሰሩን መንከር ጥሩ ማረጋገጫ ነው፤ የበረዶና የውሃ ድብልቅ በድሬዳዋም በሐረርም ያው 0 ዲግሪ ስለሆነ ይታመናል። የፈላ ውሃ ግን አይታመንም፤ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውሃ በ100 ሳይሆን በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

በአንድ ኤሲ ሁለት ክፍል ማቀዝቀዝ ይቻላል?

በር ከፍቶ ብቻ አይቻልም። ሴንሰሩ ያለበት ክፍል ሲቀዘቅዝ ማሽኑ ይቆማል፤ ሁለተኛው ክፍል የሚያገኘው የተረፈውን ነው። ከበሩ በላይ አነስተኛ አየር አሳላፊ ፋን መግጠም ይረዳል፤ አየሩ የሚመለስበት ክፍተትም ከበሩ ሥር መኖር አለበት። አራስ ወይም ታማሚ ያለበት ክፍል ከሆነ ግን ለብቻው አነስተኛ ማሽን ማስገባት ትክክለኛው መፍትሔ ነው።

ቤታችን ከዚራ ሰፈር ውስጥ ያለ አሮጌ ቤት ነው፤ የተለየ ነገር አለው?

አለው። የባቡር ሐዲዱ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ በከዚራ የተሠሩት ቤቶች ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ወፍራም ግድግዳና ሰፊ በረንዳ ያላቸው ናቸው፤ ያለ ኤሲ ለመኖር የተሠሩ ቤቶች ስለሆኑ ለአየሩ የሚስማማ ጥበብ አላቸው። ሞቃቱ አየር ከሰዎቹ ራስ በላይ ርቆ ይቀመጣል፤ ግድግዳውም የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበላል።

በእንዲህ ያለ ቤት ስፕሊቱን ከጣሪያው ሥር መስቀል ስሕተት ነው። ሴንሰሩ ሆን ተብሎ ለሞቃት አየር በተተወው ቦታ ውስጥ ይገባና ማሽኑ ያንን ሁሉ አየር ለማቀዝቀዝ ሲደክም ይውላል። ከወለሉ ከ2.2 እስከ 2.4 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ መስቀል ይሻላል። በረንዳውን በመስታወት መዝጋትም ከማከራየት ገቢ አንጻር የሚያጓጓ ቢሆንም ጥላውን ወደ ሙቀት ማጠራቀሚያ ይለውጠዋል፤ ከጎኑ ያለው ግድግዳ ላይ ያለ ቴርሞስታትም አብሮ ይሳሳታል።

ሐረር ነው የምንኖረው፤ እኛን የሚያስቸግረን ብርድ ነው። ማሞቂያችን ክፍሉን ሳያሞቅ ይጠፋል።

በደንገጎ በኩል ሽቅብ ሲወጣ ድሬዳዋንና ሐረርን የሚለየው ከፍታ ወደ 700 ሜትር ይጠጋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ልዩነቱ በደንብ ይሰማል። የእናንተ ችግር መነሻው ከላይ ከተገለጸው ጋር አንድ ነው። ዘይት የሚሞላው ተንቀሳቃሽ ማሞቂያ ቴርሞስታቱ በራሱ አካል ላይ ስለሆነ የሚለካው በአብዛኛው የራሱን ሙቀት ነው፤ ክፍሉ ገና ሳይሞቅ እርሱ ይጠግባል። በመዞሪያው ላይ ያሉት ከ1 እስከ 6 የሚሄዱ ቁጥሮችም ዲግሪ አይደሉም።

መፍትሔው ማሞቂያውን ከጥግና ከመጋረጃ አርቆ አየር እንዲያልፍበት ማድረግ፣ ከዚያም በሶኬት ላይ የሚሰካ ለብቻው የሚለካ ቴርሞስታት መጠቀም ነው። የ2,000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፒር ያህል ስለሚስብ፣ መሣሪያው 16 አምፒር የሚችል መሆኑን ሳያረጋግጡ አይግዙ፤ በማራዘሚያ ገመድ ላይም አይሰኩት። መለኪያው በአልጋው ከፍታ ላይ፣ ከወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ የውጭው ግድግዳ ስለሚቀዘቅዝ ከተጠጋው ማሞቂያው ሌሊቱን ሙሉ ሳያቆም ያድራል።

ቴርሞስታቱ ሳይሆን ሌላ ነገር መሆኑን የሚያሳየው ምንድን ነው?

ከማሽኑ የሚወጣው አየር ራሱ የማይቀዘቅዝ ከሆነ ሴንሰር አይወቀስም። ወደ ማሽኑ በሚገባውና ከማሽኑ በሚወጣው አየር መካከል በተለምዶ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ልዩነት ይጠበቃል፤ ከዚያ በእጅጉ ካነሰ ጋዝ፣ የቆሸሸ ማቀዝቀዣ ወይም በምዕራብ ፀሐይ የሚጠበስ የውጭ ክፍል ይመርመር። ቧንቧው ላይ በረዶ መሥራትም እንዲሁ የሌላ ችግር ምልክት ነው። የቮልቴጅ መውረድ ደግሞ ኮምፕሬሰሩን ያጠፋዋል፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ማሽኑ ሦስት ደቂቃ ያህል ዘግይቶ መነሣቱ ግን ራሱን ለመጠበቅ የተሠራ ስለሆነ ብልሽት አይደለም።

ባለሙያ ስጠራ ምን ብዬ ልንገረው?

«ኤሲው አያቀዘቅዝም» ካሉት ጋዝ ሊሞላልዎት ይችላል፤ እርሱም አይፈረድበትም፣ የነገሩት ያንኑ ነውና። በምትኩ የመዘገቡትን ወረቀት ያሳዩት። የትኛው ክፍል በስንት ሰዓት ስንት ዲግሪ እንደነበረ፣ በዚያው ሰዓት ከሴንሰሩ አጠገብ ስንት እንደተነበበ፣ ማሽኑም ስንት ደቂቃ ሠርቶ ስንት ደቂቃ እንዳረፈ ይንገሩት። ጋዝ እንዲሞላ ከመፍቀድዎ በፊት የጋዙን ግፊት በመለኪያ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ጋዝ በአግባቡ በታሰረ ቱቦ ውስጥ ስለማያልቅ፣ ጎድሎ ከተገኘ የሚያፈስበት ቦታ መገኘት አለበት። ሥራው ሲያበቃ ሦስቱን ቴርሞሜትሮች በነበሩበት ቦታ መልሰው ያስቀምጡና በሚቀጥለው ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያንብቡ፤ የመጨረሻውን ክፍያ ከዚህ ንባብ በኋላ ለማድረግ አስቀድሞ መነጋገር ለሁለታችሁም ይበጃል።